አራዊትን ማየትና ከአራዊት መማር

ሰው ሲሠራ ሰንብቶ በሳምንቱ መጨረሻ ዕረፍት ማድረግ እንደሚገባው የማይስማማ የለም። ዕረፍት ማለት ግን መተኛት ብቻ አይደለም። ቤተ ሰብን ይዞ ከቤት መውጣት፥ ነፋስ መቀበልና አዲስ ነገር አይቶ መመለስም ዕረፍት ነው፤ እንዲያውም ለልጆች ከሁሉ የሚበልጠው ዕረፍት ይህ ነው። በአገራችን ከተሞች ይህ ልማድ እየተስፋፋ በመሄዱ ደስ ይለናል። ዛሬ ይህን የምንጽፈውም ልማዱን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ከሽርሽሩ የሚገኘው ትምህርት ከሚወጣው ገንዘብና ከሚደረገው ድካም ጋር የሚመጣጠን ይሆን ዘንድ ለማሳሰብ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከይፋት፥ ከማጀቴ የመጡ ቤተ ዘመዶችን ተከትለን በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የመጫወቻና የአራዊት ማሳያ ሥፍራ ሄደን ነበር። ጋባዡ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ልጃቸው ነው። እንግዶቹ አባቱና እናቱ፥ ታላቅ እኅቱና ባልዋ፥ እንዲሁም የእነርሱ አራት ልጆች ነበሩ። ወደ ደሴው መንገድ ወጥተው፥ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፈው፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አቋርጠው፥ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። ወጣቱም ለዘጠኝ ሰው ቲኬት ሲቆርጥ ፊቱ ላይ ደስታ እንጂ ቅሬታ አልታየበትም። ወላጆቹን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እርሱ በተራው አንድ ቀን ሊያስደስታቸው መነሣቱ የሚመሰገን ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት የልጆቹ ነበር። ከዥዋዥዌው ወደ ሸርታቴው፥ ከሸርታቴው ወደሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ሲሯሯጡ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። እናታቸው በጥላው ሥር ተቀምጣ ትመለከታቸዋለች። ዳቦውንና ቆሎውን ሌሊት ተነሥታ ያዘጋጀችው እርሷ ስለ ሆነች፥ ቁርስ ሲቀርብ እንደ ልማዷ ልትነሣ አለች። ወንድሟም «ተቀመጪ እቴ፤ ዛሬስ እኛ እናቅርብ» ብሎ እርሱና ባልዋ አቀረቡ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ቤተ ሰብ ለሽርሽር ሲወጣ ወጥ ቤቱ ከእናት ጋር አብሮ እንደሚወጣ ስለምናውቅ ሳንጠቅሰው ማለፍ አልፈለግንም። ሴቲቱ ከጭስና ከውሃ ማሰሮ ተለይታ የዋለችበት ቀን ካልሆነ፥ ለእርሷ ዕረፍት ሳይሆን የሥራ ቦታ መለወጥ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አራዊቱ ሄድን። በመጀመሪያ የደረስነው ከጦጣዎቹ የሽቦ ቤት ነበር። በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች፥ በአለባበሳቸው ተማሪዎች ይመስላሉ፥ ብስኩቱን ከነላስቲኩ ይወረውራሉ፤ አንዱም የለስላሳ ጠርሙስ በሽቦው ቀዳዳ ያቀርባል፤ ጦጣይቱ ስትነጥቅ ይስቃሉ፥ ፎቶግራፍም ያነሣሉ። ከማጀቴ ከመጡት ልጆች መካከል የዘጠኝ ዓመት ያህሉ ልጅ ይህን አይቶ ጎንበስ አለና ድንጋይ አነሣ። ክፋት አስቦ አይደለም። በአገሩ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ጦጣና ዝንጀሮ ሲከላከል የሚውል ልጅ ስለ ሆነ፥ ጦጣ ሲያይ እጁ ወደ ድንጋይ መሄዱ ልማድ ነው። አያቱ ግን እጁን ያዙትና፥

«ተው ልጄ፤ እርሻህ ውስጥ አልገባችም እኮ። ቤቷ ድረስ የመጣኸው አንተ ነህ» አሉት።

ልጁም ድንጋዩን ጣለ። በዚያ ቀን ከሰማነው ንግግር ሁሉ ይህን የመሰለ ጥበብ ያለበት አልሰማንም። ሽማግሌው የሥነ ሕይወት ትምህርት የተማሩ አይደሉም፤ ነገር ግን አውሬ በሰው እርሻ ውስጥ ሲገባና ሰው በአውሬ ማደሪያ ፊት ሲቆም ሕጉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ደብተር የያዙት ወጣቶች ግን ይህን የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። የተወረወረ ላስቲክ የእንስሳ አንጀት ዘግቶ እንደሚገድል፥ የሰው ምግብና ጣፋጭ መጠጥ ለአራዊት እንደማይስማማ፥ የጦጣ ንክሻም እንደ እብድ ውሻ በሽታ ያለ ክፉ ደዌ ሊያመጣ እንደሚችል በትምህርት ቤት የሚነገር ነው። ዕውቀቱ ከደብተር ወጥቶ ወደ እጅ ካልወረደ ምን ይጠቅማል?

ጥቂት እልፍ ብለን ጅብ አየን። የይፋት ልጅ ጅብን በድምፁ ያውቀዋል፤ ሌሊት ሲጮህ እየሰማ ያድጋል፤ በቀን ብርሃን በቅርብ ሲያየው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። እንስሳው በጠባቡ ቤት ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያለማቋረጥ ይመላለሳል። እንዲህ ያለው መመላለስ አንድ እንስሳ ቦታ ሲጠበውና ሥራ ሲያጣ የሚያሳየው የጭንቀት ምልክት መሆኑን አራዊትን የሚያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። ቀጥሎም ወደ አንበሳው ደረስን። ተኝቶ ነበር። ሰዎች እያፏጩና ሽቦውን እየመቱ ሊያስነሡት ይሞክራሉ። አያትየዋ «ደክሞት ይሆናል፤ ምነው ቢተዉት?» አሉ። ልጁም ወደ አጎቱ ቀና ብሎ፥ «ጋሼ፥ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» ሲል ጠየቀ።

ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። በሽቦ ቤቱም ላይ የሚረዳው ጽሑፍ አልነበረም፤ እንስሳው ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንደሚበላ፥ በአገራችን ውስጥ በየትኛው ሥፍራ እንደሚኖር የሚገልጽ ሰሌዳ አልተሰቀለም። እኛም በዚያን ጊዜ ዝም አልን። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ወደ ቤት ስለ ገባ፥ ዛሬ እንደ ዐቅማችን መልስ ልንሰጥበት እንሞክራለን።

አንበሳው ያጠፋው ነገር የለም። የታሰረው እኛ ልናየው ስለ ፈለግን ነው። በአገራችን ነገሥታት አንበሳን በግቢያቸው ማኖራቸው የቆየ ልማድ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በአንበሶች መካከል ይቀመጡ እንደ ነበር በታሪክ ይታወቃል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የነበረው የአንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፥ የዘሩ መነሻ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው መጡ የተባሉት አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች አንበሶች ናቸው። በአዲስ አበባ ያደገና በትምህርት ቤት ሰልፍ ተሰልፎ እነዚህን አንበሶች ያላየ ጎልማሳ ጥቂት ነው። በአንገታቸውና በደረታቸው ላይ ወርዶ እስከ ሆዳቸው የሚደርሰው ጥቁር ጎፈራቸው የታወቀ ነው። በ2005 ዓ.ም. የጀርመንና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከአሥራ አምስቱ አንበሶች ናሙና ወስደው ባወጡት ጥናት፥ እነዚህ አንበሶች በዘር ውርሳቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ገለጡ። ስለዚህ ለሽርሽር ሄደን በስድስት ኪሎ ያየናቸው እንስሶች ሌላው ዓለም የሌለው ሀብት ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ሀብት እንዴት ያዝነው? በኅዳር ወር 1999 ዓ.ም. የዓለም የዜና ወኪሎች እንደ ዘገቡት፥ በዚሁ ግቢ ገንዘብና ቦታ በማነሱ ምክንያት ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ ነበር። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን መከራው የወረደው ገና ሳያድግ ነው። ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ወጣት ሹሞች ነገ የበጀት ወረቀት በእጃቸው ሲገባ፥ አንድን አውሬ ከዱር አምጥቶ ማሰር ማለት ዕድሜውን በሙሉ የሚበላውን፥ የሚታከምበትንና ልጆቹ የሚያድጉበትን ቦታ አብሮ መቀበል ማለት መሆኑን እንዲያስቡ ነው። ሽቦ መግዛት ቀላል ነው፤ በየቀኑ ሥጋ መግዛት ግን ቀላል አይደለም።

በሌላውም ዓለም ይህ አስተሳሰብ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። የለንደን የአራዊት ግቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1828 ሲከፈት የምሁራን ማጥኛ ነበር፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1847 ነው። በ1907 ደግሞ ካርል ሃገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ በሃምቡርግ አጠገብ፥ አውሬውንና ተመልካቹን በብረት ፍርግርግ ፈንታ በጉድጓድ የሚለይ ግቢ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ጠባቡ ቤት እየሰፋ፥ ብረቱ በዛፍና በድንጋይ እየተተካ ሄዶአል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በተከፈተው አንድነት ፓርክ የአራዊት ሥፍራ ተዘጋጅቶአል። እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ «ምንም አላጠፋም፤ ልንማርበት ስንል አስቀመጥነው፤ ስለዚህ ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን።» ዕዳውንም የሚከፍለው ጠባቂው ብቻ አይደለም። ላስቲኩን በኪሱ ይዞ የሚመለስ፥ ሽቦውን የማይመታ፥ ለልጁ ስሙንና ጠባዩን የሚነግር ተመልካች ሁሉ የዕዳውን ድርሻ ይከፍላል።

ሁለተኛው መልስ ግን ወደ ማጀቴ ይመልሰናል።

በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሆነው ከቀሩት የውሻ ወገን አራዊት አንዱ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ነው። ከአገራችን በስተቀር በየትም አይገኝም፤ ለአቅመ ልጅ የደረሱትም ከ500 አይበልጡም። ይህን እንስሳ ማንም ቢሆን ቲኬት ቆርጦ ሊያየው አይችልም፤ በየትኛውም የዓለም የአራዊት ግቢ ውስጥ የለምና። የሚኖረው በደጋ ተራሮቻችን ላይ ብቻ ሲሆን፥ ከነዚህ ሥፍራዎች አንዱ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። ጓሳም ያለው ከይፋት ቆላ በላይ በተዘረጋው ገደል አናት ላይ ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የታሰረ ጅብ ያዩት ልጆች፥ ከቤታቸው ሆነው ወደ ምዕራብ ቀና ቢሉ የሚያዩት ሰንሰለት ዓለም የሚመኘውን እንስሳ የያዘው ተራራ ነው። በዚያው ደጋ ሣር እየጋጠ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮም ከኢትዮጵያ በቀር አገር የለውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው የውጭ አገር ሊቅ አይደለም። ሦስት መቶ ዓመት ከሚያልፍ ጊዜ ጀምሮ የመንዝ ሕዝብ ራሱ የቄሮ ሥርዓት በተባለ ደንብ ሲጠብቀው ኖሮአል። በደንቡ መሠረት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና፥ ሽማግሌዎች ጊዜው ደረሰ ሲሉ ብቻ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ደንቡን ጥሶ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ የጥንቱ ሥርዓት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መሬት የኅብረተ ሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎታል። ሣሩ ለሰው ጣሪያ ሆነ፤ በሣሩ ውስጥ ያለው አይጥ ለቀይ ቀበሮው ምግብ ሆነ፤ ሰውና አውሬ ያለ ሽቦ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። «ቤቷ ድረስ የመጣኸው አንተ ነህ» ያሉት የማጀቴው ሽማግሌ ንግግር ከዚህ የቆየ ማስተዋል ጋር አንድ ወገን ነው።

እንግዲህ አንዳንድ የትንንሽ ከተሞች ሹሞች «እኛስ ለምን አራዊት አምጥተን አናሳይም?» ሲሉ እንሰማለን። ሐሳቡ ከከተማ ፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ዳሩ ግን እንደ ማጀቴ ላለች ከተማ አንበሳ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ጥላ ነው። አንድ የተከለለ ሜዳ፥ ጥቂት ዋርካና ዋንዛ፥ በአገር ብየዳ ሠራተኛ የተሠራ ዥዋዥዌና ሸርታቴ፥ የማይደርቅ የቧንቧ ውሃ፥ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፥ ለሽማግሌዎች መቀመጫ፤ ይህ ከተገኘ መናፈሻ ተገኘ። በየዛፉም ላይ የዛፉን ስምና ጥቅም የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ቢሰቀል፥ መናፈሻው ትምህርት ቤት ይሆናል። ወፎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ለእነርሱ ሽቦም ሥጋም በጀትም አያስፈልግም። ትልቁ ነገር መሬቱ በጊዜ መከለሉ ነው፤ ከተማ ሲያድግ በመጀመሪያ የሚጠፋው ባዶ የመሰለው ሜዳ ነውና። አንድ ጊዜ ቤት የተሠራበትን መሬት መልሶ መናፈሻ ማድረግ እጅግ ይቸግራል።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስል አንድ ነገር እናስታውስ። የይፋትና የአካባቢው ሕዝብ በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቶአል። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ ከዚያም ወዲህ ጦርነት በአካባቢው አልፎአል። በዚያ ዘመን የተወለደና ያደገ ልጅ ሩጫን የሚያውቀው ከሽሽት ጋር ነው። እንዲህ ላለ ልጅ ያለ ፍርሃት የሚሮጥበትና ከጎረቤቱ ልጅ ጋር በአንድ ዥዋዥዌ ተራ የሚጠብቅበት ሜዳ፥ ከመድኃኒት የማይተናነስ ነው። ተራ መጠበቅ የሚማር ልጅ፥ አድጎ ከሌላው ጋር መኖርን ይማራል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ቤተ ሰብ ይዞ ሩቅ እንዲጓዝ ማንንም አንገፋፋም፤ መናፈሻ በየከተማው መኖር አለበት የምንልበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘጠኝ ሰው አሳፍሮ አዲስ አበባ ለማምጣትና ቲኬት ለመቁረጥ የሚችል ልጅ ያለው ቤተ ሰብም ስንት ነው?

ስለዚህ ለተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችሁ ስትሄዱ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የወፉን፥ የዛፉን፥ የአውሬውን ስም ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ እነርሱ የሚያውቁት ስም ብዙ ጊዜ በመጽሐፍ ላይ አይገኝም። በከተማ የአራዊት ግቢ ስትገቡ ደግሞ ለሕፃናት ምሳሌ ሁኑ እንጂ መሳቂያ ፈላጊዎች አትሁኑ። ለወጣት ሹሞችም የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም፦ በጠረጴዛችሁ ላይ የከተማ ፕላን ሲቀርብ የልጆች ሜዳ የት አለ ብላችሁ ጠይቁ፤ አራዊትን የሚያሳይ ድርጅትም ፈቃድ ሲለምን፥ ስለ መግቢያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታው ስፋት፥ ስለ ሐኪሙና ስለ ገላጭ ሰሌዳው ጠይቁ። ቤተ ሰብን ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ማሳየት መልካም ነው፤ ከዚያ በሚተርፈው ገንዘብና አሳብ ለተወለዱበት ከተማ አንድ ዛፍ መትከል ደግሞ ከመልካምም በላይ ነው።

በዚያ ቀን ወደ ማታ ከግቢው ስንወጣ ልጁ ዞር ብሎ ወደ አንበሳው ተመለከተ። ከዚያም አያቱን «አባባ፥ እኛ አገር ያለው ዝንጀሮስ የማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም ጥቂት አሰቡና «የተራራው ነው ልጄ። ማሽላው ግን የእኛ ነው» አሉት። ልጁ ወደ ማማው ተመልሶ ወንጭፉን ማንሣቱ አይቀርም፤ አዝመራውን መጠበቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ማሽላውን ለማዳን የሚወረወረው ድንጋይና ለመሳቅ የሚወረወረው ድንጋይ አንድ አለመሆናቸውን አውቆ ወደ አገሩ ሄዶአል። የቤተ ሰብ ሽርሽር ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ካስተማረ፥ ቲኬቱ በከንቱ አልተቆረጠም እንላለን።